ጥቁር አፈር ሁሉ ለም ነው ያለሽ ማነው? (ስለ ያቤሎው መሬት ለጠየቅሽው)

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር። ባለቤትሽና ወንድሙ ያቤሎ አካባቢ ከብት የሚያረቡበት መሬት አግኝተዋል። ዳገቱ ቀይ ነው፣ ሜዳው ጥቁር። ጥቁሩ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል፣ ሲዘንብ ደግሞ መኪና አያስገባም። ሳሩ ከቀዩ ይልቅ የሳሳው ግን እዚሁ ጥቁሩ ላይ ነው። "ጥቁር ከሆነ ለም ነው ብለውን ነበር፣ ታዲያ ሳሩ የት ሄደ?" ነው ያልሽው።

እኔ አሁን አምስት ኪሎ ቁጭ ብያለሁ እንጂ ያቤሎ ባለበት ቦረና ውስጥ የግጦሽ ፕሮጀክት ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ። ያንን አፈር ከጫማዬ ስፍቅ ነው የኖርኩት።

መጀመሪያ ስለ ቀለሙ። ጥቁረቱ አታሎሻል። ብዙ ብስባሽ ስላለው አይደለም የጠቆረው፤ ያለችው ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር ጥብቅ ብላ ስለተያያዘች ነው። በአማርኛ መረሬ የምንለው፣ ወደ ሰሜን ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ፣ የአፈር ባለሙያዎች ደግሞ ቨርቲሶል የሚሉት ነው። አገራችን ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ አለ ይባላል፣ አብዛኛውም ደጋው ላይ። መጥፎ አፈር ነው እያልኩሽ አይደለም። ቢሾፍቱ ዙሪያ ያንን የመሰለ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅለው ይኸው ዘር ነው። ልዩነቱ ዝናቡ ነው። ደጋ ላይ ችግሩ ውሃ መተኛቱ ነው፣ ቆላ ላይ ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ይህ አፈር ቢያንስ ከመቶ 30 እጁ ሸክላ ነው፣ ብዙ ቦታ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ሸክላ ስልሽ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰች ቅንጣት ማለቴ ነው። ያውም ውሃን በንጣፎቿ መሃል አስገብታ የምታብጥ ዓይነት። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይነቃል። ከላይ ያለው ፍርፋሪ፣ ሳሩ፣ ፍጉ ንቃቃቱ ውስጥ ይወድቃል። ዝናብ ሲመጣ ያ ሁሉ ታች ሆኖ ሲያብጥ ቦታ ያጣና ጎኑን ይገፋል፣ ወደ ላይም ይወጣል። ለዚህ ነው ሜዳው ከሩቅ ልሙጥ መስሎ ስትሄጂበት ጉብታና ጎድጓዳ የሚሆነው። ብትቆፍሪ ታች እርስ በርሱ የተፋተገ፣ በቅቤ የተወለወለ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ገጽ ታገኛለሽ። ቨርቲሶል የሚለው ስም ራሱ በላቲን መገልበጥ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አፈሩ ራሱን ያርሳል በይው። እዚሁ አዲስ አበባ መሠረት ሲቆፈር ጥቁር አፈር ከተገኘ ተዝቆ ተጥሎ በምትኩ ሰሌክት የሚባለው የማያብጥ አፈር የሚሞላው ለምን ይመስልሻል? ቤቱን ስለሚያነሳውና ስለሚያወርደው ነው። እኛም አንድ ጊዜ የኮንክሪት ቋሚ ተክለን አጥር ሠርተን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቋሚዎቹ እንደ ሰካራም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተጋድመው አገኘናቸው። ጥፋቱ የኛ ነው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች እሾህ እጠሩበት ብለውን ነበር።

አሁን ወደ ሳሩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ መሬቱ ውሃ አላጣም፣ ውሃውን አይለቅም።

አሸዋማ አፈር ላይ ሳር የሚጠወልገው ውሃው ከአፈሩ መጠን ከመቶ 5 አካባቢ ሲደርስ ነው። ጥቁሩ ላይ ግን ከመቶ 25 በላይ ውሃ እያለም ሳሩ ይጠወልጋል፣ ሸክላው ጨምድዶ ስለያዘው ሥሩ መሳብ አይችልም። በዚያ ላይ ትንሽ ዝናብ አስቢ፣ 15 ሚሊ ሜትር በይው። ደረቅ አሸዋማ መሬት ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይዘልቃል። ጥቁሩ ላይ ንቃቃቱ ውስጥ የገባው ሳይቆጠር 5 ሴንቲ ሜትር ቢያርስ ነው። ያቺን 5 ሴንቲ ሜትር ደግሞ የቦረና ፀሐይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትልሳታለች። ስለዚህ በደረቅ አገር፣ በአንድ ዝናብ፣ ወደ አሸዋው የሚያደላው ቀዩ አፈር ከጥቁሩ ቀድሞ ቢለመልም አይግረምሽ። ደህና ሲዘንብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ንቃቃቱ ውሃውን ወደ ጥልቁ ይጠጣል፣ ከዳገቱ የወረደውም ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ቀዩ ሲደርቅ ጥቁሩ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል።

ሜዳው ላይ ዝቅ ያለች፣ እሾኋ ሥር ጥቁር ኳስ የመሰለ እባጭ ያላት ግራር አለች? እባጩ የጉንዳን ቤት ነው፣ ነፋስ ሲገባበት ያፏጫል። እሷን በብዛት ካየሽ ሌላ ምርመራ አያስፈልግሽም፣ ያለሽው መረሬ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጉ? ሜዳውን ለክፉ ቀን አቆዩት። ቦረናዎች ለጥጆች የሚከልሉትን ካሎ ባለቤትሽ ሳያይ አልቀረም፣ እንደዚያ አድርጉት። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን ከብቱ ዳገቱን ይጋጥ። መሬቱ ረጥቦ እያለ ጥቁሩ ላይ ከብት አታስገቡ። ኮቴ ያቦካዋል፣ ሲደርቅ ጡብ ነው የሚሆነው፣ የሳር ዘር አይበሳውም። ደግነቱ ይህ አፈር ቂም አይዝም፤ ጥቂት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ተሰነጣጥቆ ራሱን ይፈታል። በደረቁ ጊዜ ደግሞ ጥጆቹን ጠብቁ፣ ንቃቃት ውስጥ እግራቸው ይገባል።

በትራክተር አርሰን ሳር እንዝራ ለሚላችሁ ጆሮ አትስጡ። ሲረጥብ ማረሻ ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ማረሻ ይሰብራል፣ መሃል ላይ ያለችው ቀን ጥቂት ናት። መኪናማ አታንሺብኝ። ደመና አይተን "እንደርሳለን" ብለን ገብተን ላንድክሩዘሩ እስከ ሆዱ ሰጠመ። ሁለት ሌሊት እዚያው አደርን፣ በሦስተኛው ቀን በሬ ጎተተን።

ኩሬ እናውጣ ያላችሁት ጥሩ ነው፣ ሸክላ ውሃ ይይዛል። ግን ደርቆ ከነቃ በኋላ የመጀመሪያው ውሃ በንቃቃቱ ያልፍባችኋል፣ አፈሩ አብጦ እስኪገጥም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ሶዲየም ነው። ሶዲየም የበዛበት አፈር ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ የኩሬው ግድብ ውስጥ ውስጡን ተቦርቡሮ አንድ ቀን ይናዳል። ቀላል መፈተኛ አለው። የሽምብራ ፍሬ የምታክል ደረቅ ጓል በሻይ ብርጭቆ የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ማለቴ ነው፣ አሲዱን አይደለም) ውስጥ ጣይ፣ አታማስይው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ በውስጡ ያለው ጨው ያታልልሻል። ጓሏ ፍርፍር ብላ ውሃው ጥርት ብሎ ከቆየ ደህና ነው። ዙሪያዋን ወተት የመሰለ ደመና ከሠራች ግድቡን በዚያ አፈር አትሥሩ።

ባለቤትሽ በሚቀጥለው ሲመጣ ጓሉን በፌስታል ያምጣልኝና አምስት ኪሎ ቡና እየጠጣን አብረን እናየዋለን። ከላይ ብቻ እንዳይቆነጥር ንገሪው። ኩሬው የሚቆፈርበት ቦታ ላይ ከግማሽ ሜትር፣ ከአንድ ሜትርና ከሁለት ሜትር ለየብቻ ያውጣ፣ ፌስታሉ ላይም ይጻፍበት።