ጎርፉን የት እናቆየው? ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ክረምቱ ሊገባ ሲል ስለ ጎርፍ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። የዘንድሮው ጥያቄ ያጠነጠነው በጎርፍ ማቆያ ኩሬ ላይ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

«ሰፈራችን ቦይ ተሠርቶለታል። ዝናብ ሲጥል ግን አስፋልቱ ወንዝ ይሆናል። ኩሬ ቢቆፈር ምን ይለወጣል?» (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 300,000 ሊትር ይሆናል። ቦታው ሣርና ዛፍ ቢሆን ብዙው ወደ መሬት ይሰርግ ነበር። ቆርቆሮና አስፋልት ሲሸፍነው ግን አብዛኛው እዚያው ይሮጣል። ደሴ ደግሞ የጦሳ ግርጌ ናት፤ ተራራው የሚለቀው ውሃ ይጨመርበታል።

ቦይ ይህን ውሃ ያፋጥነዋል እንጂ አይቀንሰውም። የኩሬው ሥራ ሌላ ነው። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ነው። ዝናቡ በግማሽ ሰዓት ያወረደውን ተቀብሎ በብዙ ሰዓት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ጠቅላላ ውሃው ያው ነው፤ በአንዴ የሚመጣው ግን ያንሳል። ቤት የሚያፈርሰው ደግሞ ይኸው በአንዴ የሚመጣው ነው። ስለዚህ ኩሬው የሚጠቅማችሁ ከእናንተ በላይ ሲሠራ ነው። ከልክ ያለፈ ዝናብ ሲመጣ ግድቡ እንዳይደረመስ በድንጋይ የተነጠፈ ማስተንፈሻ፣ ማለትም ትርፉ ውሃ የሚወጣበት መንገድ፣ ይኑረው። ማስተንፈሻ የሌለው ኩሬ ከታች ላለው ሰው ከጎርፉ የባሰ ነው። በዚህ ላይ ማንም እንዲደራደር አልፈልግም።

«እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ ቦርከና ወንዝ ሞልቶ ይመጣል። ደሴዎች ውሃቸውን ለምን እኛ ላይ ይለቁታል?» (ከኮምቦልቻ)

ቅሬታችሁ እውነት አለው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ውሃው በዶሮ መዝለያ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ላይ በተሠራ በእያንዳንዱ አዲስ ቦይ ልክ ጎርፉ ወደ እናንተ ይፈጥናል። ለዚህ አንድ ትልቅ ኩሬ አይበቃም፤ በየሰፈሩ ትንንሽ ያስፈልጋል። ደግሞ አብሮ መታቀድ አለበት። ከላይ የቆየው ውሃ የሚደርሰው የእናንተው ወርቃ ወንዝ በሞላበት ሰዓት ከሆነ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል።

ከናንተም በታች ሰው አለ። ቦርከና ወርዶ ጨፋ ረግረግ ውስጥ ይንሰራፋል። ጨፋ ማንም ያልቆፈረው ጎርፍ ማቆያ ነው። እሱን አድርቆ ማረስ ያንን ማቆያ ማጥፋት ነው።

«ኩሬው የወባ ትንኝ አያራባም?» (ከኮምቦልቻ)

ውሃ ካቆረ ያራባል። ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በሦስት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚደርቅ ኩሬ ይሠራ። አደጋው መውጫው ተደፍኖ ኩሬው ሲያቁር ነው። የቤታችሁን ክፍት በርሜልም እዩ። በከተማ የምትራባዋና በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በርሜልና ታንከር ትወዳለች።

«ውሃውን ለሰላጣ ብናጠጣውስ?»

አይሆንም። የመንገድ ጎርፍ የመኪና ዘይትና የሽንት ቤት ፍሳሽ ይዞ ይመጣል። ከጣራ የሚወርደውን አጠራቅሙ።

«ቤታችን ተዳፋት ላይ ነው። ከበላያችን ጉድጓድ ቆፍረን ውሃውን እናስርገው ብለናል።» (ከደሴ)

እባካችሁ አትቆፍሩ! ሌላ አገር ለሜዳ የሚመከረው ነገር ደሴ ላይ ሰው ሊገድል ይችላል። የከተማዋ ተዳፋቶች ይንሸራተታሉ። ውሃ ሲሰርግ አፈሩ ይከብዳል፤ በእቅፉ ያለው ውሃም ግፊቱ ጨምሮ መያያዣውን ያላላዋል። ተዳፋት ላይ የሚሻለው ውሃውን በተገነባ ቦይ፣ ሳይሰርግ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ወዳለ ኩሬ ማውረድ ነው። ኩሬው ራሱ ወለሉ ውሃ የማያሳልፍ ይሁን። መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ የመብራት እንጨት ካዘነበለ፣ እስከ ትናንት የሚዘጋው በር አልገጥም ካለ፣ ከቤቱ ውጡና ለቀበሌው ንገሩ። ዝናቡ እስኪያባራ አትጠብቁ።

«የተቆፈረው ኩሬ በደለል ሞልቶ ሜዳ ሆኗል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።» (ከወልድያ)

ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ገንዘቡም ላቡም የሕዝብ ነው። ከዋናው ኩሬ በፊት ትንሽ የደለል መያዣ ጉድጓድ ቢኖር አሸዋው እዚያው ይቀር ነበር። የሸክላ አፈር ግን ለመዝቀጥ ቀናት ይፈልጋል፤ እሱን የሚቀንሰው ከላይ ያለው እርከንና ዛፍ ነው። አሁን ግንቦት ሳይወጣ አስጠርጉት። የወጣውን ደለል ዳር ላይ አትከምሩት፤ የሐምሌ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። መውጫው ላይ ወንፊት ይደረግ፤ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚደፍነው። ለልጆቹ ደግሞ ሌላ ሜዳ ይፈለግላቸው። ሰማዩ ሲጠቁር ከዚያ ቦታ የሚያስወጣቸው ሰው ከወዲሁ ይመደብ።