«ኢቲሲ» ማለት ወዘተርፈ ነውን?

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ውስጥ «ኢቲሲ» (etc) የተባለውን ማውጫ ለተማሪዎቼ «ወዘተ» ብዬ ስፈታላቸው አንድ ባልደረባዬ «የለም፣ ‹ሊታረም የሚችል የጽሑፍ ቅንብር› የሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ምኅጻር ነው» አለኝ። እውነቱ ከማን ጋር ነው?

መልስ፦ ከእርስዎ ጋር ነው። በቅድሚያ ግን «አቃፊ» ሳይሉ «ማውጫ» በማለትዎ ደስ ብሎኛል፤ ለሊኑክስ አርአያ በሆነው በዩኒክስ ሥርዓት ማውጫ የፋይሎችን ስም ከየመለያ ቁጥራቸው ጋር የሚዘረዝር መዝገብ እንጂ ምንም የሚያቅፍ ነገር አይደለም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ «ኢቲሲ» የላቲኑ «ኤት ሴቴራ» ምኅጻር ነው፤ በዚህም «ኤት» መስተጻምር፣ «ሴቴራ» ደግሞ «የቀሩት ነገሮች» ማለት ነው። «ወዘተርፈ» በበኩሉ ከመስተጻምሩ «ወ»፣ «የ» ተብሎ ከሚፈታው «ዘ» እና «ተርፈ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ተገጣጥሞ «የተረፈውም» የሚል ፍች ይሰጣል። ላቲኑ በቅጽል የጨረሰውን ግዕዙ በግስ ከመጨረሱ በቀር የሁለቱ አሠራር አንድ ነው። ትርፍ፣ ትራፊ፣ ትርፍራፊና ተረፈ ምርት ሁሉ የዚሁ ግስ ዘሮች ናቸው፤ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በጀመሩት ዩኒክስ ውስጥም ይህ ማውጫ በሌላው ቦታ ያልተመደበው ሁሉ የሚገባበት ስለነበር ትርፍራፊነቱ ከስሙ ጋር የሚስማማ ነበር።

ባልደረባዎ የያዙት ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ነገር ግን ስሙ ከኖረ በኋላ የተፈጠረለት ፍች ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የዩኒክስ ሰባተኛ እትም መመሪያ ይህን ማውጫ ሲገልጽ አስፈላጊ መረጃዎችና አደገኛ የጥገና መሣሪያዎች የሚቀመጡበት መሆኑን ይናገራል፤ ከሚዘረዝራቸውም መካከል «ኢኒት»ና «ማውንት» የተባሉት ይገኙበታል። እነዚህ በጽሑፍ ማረሚያ ተከፍተው የሚታረሙ ጽሑፎች ሳይሆኑ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ታዲያ «ሊታረም የሚችል ጽሑፍ» የሚለው ስም ለእነርሱ እንዴት ይሆናል? «ዩኤስአር» (usr) የተባለው ሌላ ማውጫም የደረሰበት ዕጣ ይኸው ነው፤ «የዩኒክስ ሥርዓት ሀብቶች» እያሉ ይፈቱታል እንጂ፣ በመጀመሪያ የተጠቃሚዎች የግል ማውጫ የሚቀመጥበት ስለነበር «ተጠቃሚ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንዲት ፊደል ተቀንሳ የወጣ ስም ነው።

ይሁንና አንድ ነገር ሳልወድ እቀበላለሁ። ዛሬ የሊኑክስ ማውጫዎች የሚደራጁበት ደረጃ በ«ኢቲሲ» ውስጥ በማሽን ቋንቋ የተዘጋጀ ፕሮግራም እንዳይቀመጥ ይከለክላል፤ የቀሩት በአብዛኛው የቅንብር ፋይሎች ናቸው። ስለዚህ የባልደረባዎ ፍች በታሪክ ስሕተት ቢሆንም የማውጫውን የዛሬ ሥራ ለተማሪ በማስታወስ ረገድ ከእኔ ሥርወ ቃል ይልቅ ሳይጠቅም አይቀርም። በትምህርት ክፍልዎ የስሙን ምንጭ «ወዘተርፈ»፣ ሥራውን «የቅንብር ማውጫ» ብለው ለይተው ቢያስረዱ እመርጣለሁ።

«ወዘተ» ብለው ማሳጠርዎንስ? እኔ ሙሉውን መጻፍ እወዳለሁ፤ «እና ወዘተ» የሚሉትንማ፣ «ወ» ራሱ «እና» ሆኖ ሳለ መስተጻምሩን ስለሚደግሙት፣ አልታገሣቸውም። «ወዘተ» ግን በጋዜጣውም በመማሪያ መጽሐፉም ጸንቷልና አልከለክልዎትም፤ ከ«ተርፈ» የተረፈችው «ተ» ብቻ መሆኗን ግን ልብ ይበሉልኝ።