ሰማዩ ለምን ተሰነጠቀ?

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በዘይት ቀለም የተራራ ሥዕል ሠራሁ። ሰማዩን ዘይት ጨምሬ በወፍራሙ ቀባሁት፤ ግን አልወደድኩትም። ከሳምንት በኋላ በጣቴ ስነካው ደርቋል። በተርፔንታይን ያቀጠንኩትን ሰማያዊ ደረብኩበት። አሁን ሰማዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የተበላሸው ቀለሙ ነው ወይስ ሸራው?

መልስ፦ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ የቸኮሉት እርስዎ ነዎት። አይቀየሙኝ፣ እኔም አንድ ሐይቅ እንዲሁ አበላሽቻለሁ።

የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። በጣት ሲነኩት ደረቀ ማለት ላዩ ቆዳ አበጀ ማለት ነው። ሥሩ ገና ነው። እርስዎ የደረቡት ቀለም ደግሞ ዘይቱ የሳሳ ስለሆነ ቀድሞ ደርቆ ግትር አለ። የሥሩ ሲንቀሳቀስ የላዩ መለጠጥ አቃተውና ተተረተረ።

የድሮ ሠዓሊዎች ደንብ "ከሥር ስስ፣ ከላይ ዘይታም" ነው። የመጀመሪያውን ንድፍ በተርፔንታይን ባቀጠኑት በርንት አምበር ይሥሩት። ይህ ቡኒ ማንጋኒዝ ስላለበት ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በየንብርብሩ ዘይቱን ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። አይቮሪ ብላክ የሚባለው ጥቁር ግን ሲደርቅ ዘገምተኛ ነው፤ ከሥር በወፍራሙ አይቀቡት።

ጥቁሩን ግን እንዳይጥሉት! ብጫ ቀለም ላይ በቢላ ጫፍ ነካ አድርገው ያሹት። መጀመሪያ የቆሸሸ ይመስላል። ትንሽ ሲያሹት የደረቀ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ይወጣል። እኔ ለዛፍ ከቱቦ ከሚወጣው አረንጓዴ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ የቱቦው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ይመስለኛል።

ወደ ሰማይዎ ስንመለስ፣ ስንጥቁን በቀለም ልሙላው አይበሉ፤ ሥሩ ካልረጋ መልሶ ይከፈታል። የሰማዩን ቀለም በቢላ ፍቀው እንደ አዲስ ይጀምሩ። ቫርኒሹን፣ ማለትም ሥዕሉን የሚጠብቀውን የመጨረሻ ቅብ፣ ደግሞ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ሳይሞላ አይቀቡት፤ ቀለሙን በወፍራሙ ከቀቡ ዓመትም ይጠብቁ።

ሲጨርሱ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠው ቅርጫት ውስጥ እንዳይወረውሩ። የተልባ ዘይት ሲጠነክር ይሞቃል፤ የተጨበጠ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝና ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። እኔ አንዴ ረስቼ የጣልኩትን ሳነሳ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቅ ነበር። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።