ያለ ቫይረስ ጂን ወደ ሴል ስለማስገባት፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ስለ ትራንስፖዜዝ ጠይቁኝ። ጂን ከአንድ ቦታ ቆርጦ ሌላ ቦታ የሚለጥፈውን ኤንዛይም ማለቴ ነው።

የኮምቦልቻው፦ ጋሼ፣ ኤንዛይሙን የበለጠ ንቁ የሚያደርጉት እንዴት ነው?

መልስ፦ ይሄን ስትጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ስሊፒንግ ቢዩቲ የሚባለውን ትራንስፖዜዝ ውሰድ። በዓሣ ዲኤንኤ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተበላሽቶ የተቀመጠ ጂን ነበር። የተበላሹትን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስተያይተው፣ ስህተቱን ፊደል በፊደል አርመው በ1997 እ.ኤ.አ. ቀሰቀሱት። ግን ደካማ ነበር። ከዚያ ፕሮቲኑ ላይ የሚጠቅሙ ለውጦችን እየቀላቀሉ በሰው ሴል ውስጥ አወዳደሩ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስቢ100ኤክስ የተባለው የተሻሻለ ዓይነቱ ከመጀመሪያው 100 እጥፍ ገደማ ይሠራል። አንድ ለውጥ ብቻውን ይሄን አላመጣም። ብቻውን ጥሩ የሆነው ከሌላው ጋር ሲገባ ሊያዳክም ይችላል። ደግሞ ጉልበቱን ብቻ አትዩ፤ የምታስገቡት ጂን ስንት ቅጂ ሴሉ ውስጥ እንደገባ ቁጠሩ።

የሐይቅ ልጅ፦ ይሄ ጂን በኛ በወሎ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ውስጥስ አለ?

መልስ፦ የዚህ ዘር ጂን በብዙ ዓሣ ውስጥ ሞልቷል። አብዛኛው የሞተ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ ቆሮሶ መቼ የሐይቅ ሆነ? ከውጭ የመጣ ነው እኮ!

የሐይቅ ልጅ፦ እዚያው ተወልዶ ያደገ የማን ሊባል ነው?

መልስ፦ በናታችሁ፣ ወደ ኤንዛይሙ።

ፒያሳ፦ ከትራንስፖዜዞቹ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው ሴል? ጂኑ ስንት ኪሎቤዝ (ሺህ የዲኤንኤ ፊደል) ነው? ይሄን ሳትነግረኝ አልመልስም።

ተማሪ፦ ኤሌክትሮፖሬሽን (ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ ምት ሴል ውስጥ ማስገባት) ላይ ጧ ብሎ ሴሎቼ አለቁ።

መልስ፦ ዲኤንኤህ ውስጥ ጨው ቀርቶ ይሆናል። በ70 በመቶ ኤታኖል እንደገና እጠበው፣ አድርቀህ በንጹህ ውሃ አሟሟው። ኩቬቱ (ሴሎቹን የምትጨምርበት ትንሽ ዕቃ) ውስጥ አረፋ እንዳይኖር፤ ውጪውንም ጥረገው።

ፒያሳ፦ እሺ፣ ኤንዛይሙን ብጨምረው አይሻልም?

መልስ፦ አሁን አልኩ እኮ፣ ጉልበቱን ብቻ አትዩ! ስሊፒንግ ቢዩቲ ሲበዛ ራሱን ያግዳል። ብዙ ቅጂ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፒጊባክ በተባለው ሌላ ትራንስፖዜዝ የተሠሩ የካር-ቲ ሴሎች (ካንሰርን እንዲያጠቁ ጂን የተጨመረባቸው የሰውነት መከላከያ ሴሎች) አውስትራሊያ ውስጥ ለ10 ታካሚዎች ተሰጥተው፣ በ2ቱ ላይ ከነዚያው ሴሎች ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ተነሳ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። የገባው ቅጂ ብዙ ነበር። ስለዚህ ቁጠሩ! ኤንዛይሙንም በኤምአርኤንኤ (ሴሉ ኤንዛይሙን እንዲሠራ በሚነግር ጊዜያዊ መልእክት) ስጡት፤ ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል።

የደሴዋ፦ ጋሼ፣ እህቴ የደም ካንሰር አለባት። ይሄ ይረዳታል?

መልስ፦ አላህ ይማራት፣ እህቴ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሚያክማትን ሐኪም ጠይቂ፤ የጀመረችውን መድኃኒት እንዳታቋርጥ።