ሙቀቱ ሳይመጣ፦ ለቆላ ከተሞችና ወረዳዎች ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቆላ ጤና ጣቢያዎች በነርስነት ጀምሬ፣ ኋላ ላይ ከከተማ አስተዳደሮችና ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ለከባድ ሙቀት የዝግጅት ዕቅድ ስሠራ ቆይቻለሁ። ዛሬ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የት እንዳላችሁና ምን ለመወሰን ሥልጣን እንዳላችሁ ጻፉ። ለከንቲባ የምለውና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የምለው አንድ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ። ፀሐይ የመታው ሰው ከዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ውኃ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ አጓጉዙት።

ከጋምቤላ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። በከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት ጀማሪ ባለሙያ ነኝ። የሙቀት ዕቅድ አዘጋጅ ተብያለሁ። የሕንዷ አሕመዳባድ 45 ዲግሪ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ እንደምታውጅ አንብቤያለሁ። ያንኑ ቁጥር ብወስድ ያስኬዳል?

ሲስተር፦ አያስኬድም ወንድሜ። አሕመዳባድ ቁጥሯን ያገኘችው ከራሷ ሙታን ነው። በግንቦት 2010 እ.ኤ.አ. ሙቀቱ 46.8 ዲግሪ ደረሰ፤ በዚያ አንድ ወር ከወትሮው በላይ 1,344 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የየዕለቱን ሞት ከየዕለቱ ሙቀት ጎን አስቀምጠው፣ ሞት ማሻቀብ የሚጀምረው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሆነ ለዩ። በ2013 እ.ኤ.አ. ዕቅዳቸውን ሥራ ላይ ሲያውሉ በደቡብ እስያ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ያንተ ከተማ እርጥበቱ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ፣ የሕዝቡ ሥራም ሌላ ነው። የጋምቤላ ሰው ከ45 በታች መሞት የሚጀምር ከሆነ፣ በተዋስከው ቁጥር እየተመራህ ዝም ብለህ ስታየው ልትቀር ነው።

የሞት መዝገብ የለንም እንዳትለኝ። አዲስ አበባ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤድስን ሞት ለመገመት የተጠቀመችው የቀብር ቦታዎችን ምዝገባ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የሚቀበረውን ያውቃሉ፤ እድርም መዝገብ አለው። የቻልከውን ያህል ዓመት ወደ ኋላ ሄደህ ቀኑን፣ ዕድሜውን፣ ጾታውንና ሰፈሩን ገልብጥ። ከሚቲዎሮሎጂ ጣቢያው ደግሞ የየዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት ውሰድ፤ ዝቅተኛውንም ጭምር። ሁሉም ሰው የሚረሳው ዝቅተኛውን ነው። ዝቅተኛው የሌሊቱ ሙቀት ነው፤ ሰውነት ቀን የተሸከመውን ሌሊት ካላወረደ ልብ ሳያርፍ ያድራል፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይደክማል። ቀኑ 42 ሆኖ ሌሊቱ የሚበርድበት ሰሞን፣ ቀኑ 40 ሆኖ ሌሊቱ ከማይበርድበት ሰሞን ሊሻል ይችላል።

ከድሬዳዋ፦ ሲስተር፣ ነገሩን አጋነኑት። እኛ በዚህ ሙቀት ተወልደን ያደግን ነን። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ከተማው ተኝቶ ነው የሚውለው። ሙቀት የሚያስደነግጠው የደጋ ሰው ነው።

ከሰመራ፦ የሚተኛው መተኛት የሚችል ነው። ጋሪ የሚገፋው፣ ጡብ የሚያወርደው፣ ገበያ ላይ ቲማቲም ዘርግታ የምትውለው መቼ ተኛች?

ከድሬዳዋ፦ አባቶቻችን ያለ ዕቅድ ኖረዋል።

ከሰመራ፦ አባቶቻችን በሰሌን ቤት ነበር የሚያድሩት፤ ንፋስ ያልፍበት ነበር። ዛሬ ልጆቻቸው የሚያድሩት በቆርቆሮ ሥር ነው።

ሲስተር፦ የሰመራው ልክ ነው። የድሬዳዋውም ከንቱ አልተናገረም፤ በእኩለ ቀን ማረፍ ሰው ያገኘው ትልቅ መከላከያ ነው፣ ዕቅዳችሁም ሊጠብቀው ይገባል። ብቻ መላመድ ወሰን አለው። አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የደም ግፊትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንደ እናንተ አልለመደም። ጫቱን ጨምሩበት፤ የሰውነት ሙቀትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። በዚህ ላይ ክርክር ከጀመራችሁ ለብቻችሁ ቀጥሉት።

ከአዲስ አበባ፦ ሙቀት ሲበዛ ምን ማድረግ አለብን?

ሲስተር፦ ማን ነው «እኛ»? የት? ምን ሥልጣን ይዛችሁ? ከላይ ምን ብዬ እንደጀመርኩ አንብባችሁ ተመለሱ።

ከመተማ፦ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ላይ ነኝ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይመጣል። በየዓመቱ የሚወድቅ አለ፤ ሁሉም «ወባ ነው» ይላል። በምን እንለየው? የእርሻ ባለቤቶቹን ምን ብለን እናስገድድ?

ሲስተር፦ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። አንድ ቀን የሃያ ዓመት ልጅ አመጡልኝ። ከደጋ ከወረደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ጓደኞቹ ወባ መስሏቸው በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በትራክተር ተጎታች ላይ አስተኝተው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጠራራ ፀሐይ አመጡት። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ቆዳው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ቴርሞሜትሩ ከ41 ዲግሪ በላይ አሳየ። እናቱን ይጣራ ነበር፣ እኔንም እናቴ ይለኝ ነበር። ውኃ ደፋንበት፣ አራገብንለት፤ ማታ ሞተ። ኋላ ጓደኞቹን ስጠይቃቸው፣ ከወደቀበት ማሳ ዳር ሙሉ በርሜል ውኃ እንደነበረ ነገሩኝ። ያ በርሜል እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ማሳው ላይ ማንም «ይህ ወባ ነው፣ ይህ ሙቀት ነው» እያለ አይለይ። በሙቀት ሲሠራ ቆይቶ ሰውነቱ የሚፋጅና የሚዘባርቅ ሰው መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ልብሱ ይውለቅ፣ በርሜል ውስጥ ይነከር። መንከር ካልተቻለ ውኃ እየተደፋበት ይራገብ። የሚደግፈው ሰው ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ ይያዝ። የወባ ምርመራው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ይደረጋል፤ ማቀዝቀዙ ወባ ላለበት ሰው አይጎዳም። በአፉ ውኃ አታፍስሱ። ከላይ ብየዋለሁ፣ ይኸው ደገምኩት።

ለባለቤቶቹ የምታስተላልፉት ትእዛዝ ሁለት መስመር ይበቃዋል። አንደኛው፣ አዲስ መጪ በመጀመሪያው ቀን የሙሉ ሥራውን አንድ አምስተኛ ብቻ ይሥራ፤ በየቀኑ አንድ አምስተኛ ይጨመርለት። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሞት የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሁለተኛው፣ ሥራ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተጀምሮ ረፋድ 4 ሰዓት ይቁም፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ይቀጥል። ክፍያው በሄክታር የሆነበት ሠራተኛ ግን ቁም ቢሉት አይቆምም፤ እዚህ ላይ ነው የወረዳው ጉልበት የሚያስፈልገው። ለመጀመሪያው ሳምንት የቀን ክፍያ ይከፈለው ብላችሁ ከባለቤቶቹ ጋር ተፈራረሙ።

ከመተማ፦ በቀን ክፍያው ላይ እንቸገራለን። የቀረውን ነገ ለአስተዳዳሪው አቀርባለሁ።

ሲስተር፦ ክፍያውን አስቀድመው ያቅርቡ፤ ያለ እሱ ሌላው ወረቀት ነው።

ከሰመራ፦ በከተማ ውበትና መናፈሻ ክፍል እሠራለሁ። ጥላ በፍጥነት ያስፈልገናል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻማ ዛፍ ያለ ውኃ ያድጋል፤ እሱን በመንገዱ ዳር ብንተክልስ?

ሲስተር፦ አይሆንም።

ከድሬዳዋ፦ ለምን አይሆንም? ከምንም ይሻላል።

ከአዋሽ፦ አንተ ድሬ ሆነህ «ከምንም ይሻላል» ትላለህ። የግጦሽ መሬታችንን የበላው እኮ ያ ዛፍ ነው። እሾሁ የከብት እግር ይበሳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከድሬዳዋ፦ ከተማ ውስጥ ከብት የለም።

ከአዋሽ፦ ፍሬውን የሚበላው ፍየል ከተማና ገጠር አይለይም። ዘሩን ተሸክሞ ይሄዳል።

ሲስተር፦ በቃ። ኒም የሚባለውን የጥላ ዛፍ ትከሉ። ዛፉ እስኪደርስ ደግሞ ጥላ በሸራም በሰሌንም ይሠራል። በሴራሊዮን ፍሪታውን ገበያ የሚውሉ ሴቶች ላይ ጥላ ዘርግተውላቸዋል። እናንተም ከገበያውና ከመናኸሪያው ጀምሩ።

ከሪያድ፦ እህቴ፣ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ በበጋ ቀን ሥራ ይከለከላል ይባላል። እኛን ይመለከታል?

ሲስተር፦ የኔ እህት፣ የሳዑዲው ክልከላ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6 እስከ 9፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚመለከተው። የኩሽና ሥራን አይነካም። ጣሪያ ላይ ልብስ ማስጣትና ምንጣፍ ማጠብ ካለብሽ ለንጋት ወይም ለምሽት እንዲሆንልሽ ለምኚ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ከጀመረሽ ሥራውን አቁመሽ ቀዝቃዛ ቦታ ተቀመጪ፤ አንድ የኦ.አር.ኤስ. (በተቅማጥ ጊዜ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ከረጢት በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጠሽ ጠጪ። አይዞሽ።

ከጎዴ፦ ለጤና ጣቢያው የአየር ማራገቢያ ልንገዛ ነው። በቂ ነው?

ሲስተር፦ የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በታች ከሆነ ይረዳል። ከዚያ በላይ ሙቅ አየር በሰው ላይ መንፋት ነው፣ ይጎዳል።

ከድሬዳዋ (ሌላ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ እመራለሁ)፦ የወላድ ክፍላችን በቆርቆሮ ሥር ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ከሰዓት በኋላ ሕፃናቱ ይግላሉ። በጀት የለንም። ምን እናድርግ?

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ማንም ሳያነሳው ልንዘጋ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. አሕመዳባድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የወላዶች ክፍል ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ነበር። ክፍሉ ወደ ታችኛው ፎቅ ሲወርድ በሙቀት የሚታመመው ጨቅላ ቀነሰ። አልጋውን ወደ ሌላ ቦታ ነው የወሰዱት፤ ይህ ደግሞ በጀት አይጠይቅም። እርስዎም ከዛሬ ማታ ጀምሮ ቴርሞሜትር ይዘው በየክፍሉ ይዙሩ። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይለኩ። የመዝገብ ክፍሉ ወይም መጋዘኑ ከወላድ ክፍሉ ቀዝቅዞ ሊያገኙት ይችላሉ። ካገኙት ይቀያይሩ፤ ወረቀት ሙቀት አይገድለውም።

ቀጥሎ ጣሪያው። ቆርቆሮውን በነጭ ኖራ ቀቡት። ነጩ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፣ የክፍሉ ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ይወርዳል፤ ለአራስ ሕፃን ጥቂት ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው። ዝናብ ያጥበዋል፣ በየዓመቱ ከሙቀቱ ወር በፊት መታደስ አለበት። ከዚያ በታች ኮርኒስ፤ አቅም ከሌለ በሰሌንና በሸንበቆ ይሠራ፣ በእሱና በቆርቆሮው መካከል ንፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለት። እኔ በየስብሰባው ይህን እላለሁ፣ በየስብሰባው ሰዎች ስለ ማስታወቂያ በራሪ ወረቀት ይጠይቁኛል። ሰው ግን የሚያድረው በጣሪያ ሥር ነው። ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት የምትሠሩትን ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ አትረከቡ። የርክክብ ፊርማ ያላችሁ ሰዎች፣ ይህ በእጃችሁ ነው።

ከጅግጅጋ፦ በስንት ዲግሪ ማስጠንቀቂያ እናውጅ?

ሲስተር፦ ለጋምቤላው መልሻለሁ። ወደ ላይ ውጣ።

ከጅግጅጋ፦ ትምህርት ቤት ለመዝጋትስ?

ሲስተር፦ ደቡብ ሱዳን በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ሙቀቱ 45 ይደርሳል ተብሎ ትምህርት ቤቶችን ዘጋች። ከመዝጋታችሁ በፊት ልጁ የሚሄድበት ቤት ከክፍሉ ይቀዘቅዛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ወደ ንጋት መግፋት ይሻላል።

ከሰመራ፦ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን እንዴት እናግኛቸው? ፓሪስ መዝገብ አላት ይባላል።

ሲስተር፦ አላት፤ ያስጀመራት የ2003 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ወደ 15,000 ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ ቤተሰብም ሐኪምም የበጋ ዕረፍት ላይ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ቺካጎ 739 ሰዎች ሲሞቱባትም ብዙዎቹ በር የሚያንኳኳላቸው ያልነበራቸው ናቸው። እኛ ግን እድር አለን። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ልጅ እንደሌለው፣ ማን እንደታመመ የእድሩ ለፋፊ ያውቃል። ለቀብር የሚጠራ ሰው ለማስጠንቀቂያም ይጠራ። ለእያንዳንዱ አረጋዊ በስሙ የሚያንኳኳለት አንድ ጎረቤት ይመደብ፤ ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ጠዋትና ማታ ይሂድ። ዕቅድ ስታዩ ገጹን አትቁጠሩ፤ «ቁጥሩ ሲደርስ ማን፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት ይደውላል» የሚለውን ፈልጉ። «የሚመለከተው አካል» የሚል ቃል ካገኛችሁ ሰርዛችሁ የሰው ስልክ ጻፉበት።

ከአዲስ አበባ፦ በጀቱ ከየት ይመጣል?

ሲስተር፦ ስለ በጀት የማውቀው ጥቂት ነው፣ የአስተዳደራችሁን ፋይናንስ ጠይቁ። ኖራና የሰዓት ለውጥ ግን በጀት እስኪመጣ አይጠብቁም።

ከጋምቤላ፦ ሲስተር፣ የሰፈራችን እድር መዝገቡን ለማሳየት ፈቅዷል። የእድሩ ዳኛ አሁን ደውለውልኝ ነበር። ነገ ከሥራ በኋላ እሄዳለሁ።

ሲስተር፦ ተባረክ። በነጠላ ወረቀት አትገልብጥ፣ ደብተር ያዝ። ዓምዶቹን ዛሬ ማታ አስምርና ላክልኝ፤ የሌሊቱ ሙቀት የራሱ ዓምድ ይኑረው።