ፊልሙን ሳላይ ኤግዚቢሽኑን ልይ?

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞች ዕቃዎች ወደሚታዩበት ሙዚየም እንሂድ ብለው ወጥረው ይዘውኛል። እኔ ግን ፊልሞቹን አላየኋቸውም። ሄጄ ምን ልሠራ?

መልስ፦ ሂጂ እንጂ! እኔም መጀመሪያ ስሄድ እንዳንቺው ነበርኩ። ጓደኞቼ አልባሳቱ ጋ ፎቶ ሲነሱ፣ እኔ አንዲት የጠፈር መርከብ ሞዴል ፊት ተገትሬ ቀረሁ። ጠጋ ብዬ ሳያት ጎኗ ላይ የተለጣጠፈው የታንክና የአውሮፕላን መጫወቻ ቁርጥራጭ ነው። ለካ ሠሪዎቹ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መጫወቻዎችን እየገዙ፣ ክፍሎቻቸውን በማጣበቂያ ይለጥፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ላይም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጥቃቅኑ ነገር ሲበዛ ዓይን ይሸወዳል፤ ክንድ የማትሞላ መርከብ ከተማ ታክላለች። እዚያው ፊልም ላይ አርቱዲቱ የሚባለው ትንሹ ሮቦት ውስጥ ደግሞ ሰው ነበር፦ ኬኒ ቤከር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ12 ሴንቲሜትር ገደማ።

አንድ ምክር፦ ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው ጓደኛሽ ትንሽ ራቅ በይ። (የኔው ሲያስረዳኝ ራሴን አዙሮታል።) ሞዴሎቹ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ጎንበስ ብለሽ ከታች ወደ ላይ እያቸው። ያኔ ነው የሚገዝፉት።