ሃዘልነት በእጅ ይለቀም ወይስ በማሽን? ጥያቄና መልስ

ስለ ሃዘልነት፣ ማለትም ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ለውዝ መሰል የዛፍ ፍሬ፣ አሰባሰብ የቀረቡትን ጥያቄዎች አየኋቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በእጅ የተለቀመ ይሻላል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። በቱርክ የጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በኦርዱና በጊሬሱን፣ ቁልቁለቱ ለማሽን አይመችምና አብዛኛው ከነአረንጓዴ ገለፈቱ (ቅርፊቱን ከውጭ ከሚሸፍነው ልባስ ጋር) ከቅርንጫፍ ላይ በእጅ ይለቀማል። አፈር ስለማይነካው ንጹሕ ነው። ጣጣው፣ በአንድ ዛፍ ላይ ያለው ሁሉ እኩል አለመብሰሉ ነው። ለቃሚው ቅርንጫፉን አንዴ ከጎተተ የበሰለውንም ያልበሰለውንም ጠራርጎ ያወርዳል። ያልበሰለው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ዘይቱም አይሞላም። በአሜሪካ ኦሪገን ግን እስኪረግፍ ይጠበቅና በማሽን ተጠርጎ ይነሳል። በብስለት በኩል እኔ ለረገፈው አደላለሁ።

ጥያቄ፦ ሳይረግፍ መብሰሉን በምን ላውቅ?

መልስ፦ ገለፈቱ ውስጥ እንዳለ በጣትዎ ገፋ ያድርጉት። ከዞረ ደርሷል።

ጥያቄ፦ ከረገፈ በኋላ መሬት ላይ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ ቀኑን ሳይሆን ዝናቡን ይቁጠሩ። በደረቅ አየር ጥቂት ቢዘገይ አያስደነግጥም፤ እርጥብ አፈር ላይ የተኛ ግን ይሻግታል። አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጨው አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ መኖሪያው አፈር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላ ሃዘልነት የሚፈቅደው በኪሎ 10 ማይክሮግራም ጠቅላላ አፍላቶክሲን ነው፤ ከአፍላቶክሲን ዓይነቶች አንዱ የሆነው ቢ1 ብቻውን ከ5 ማለፍ የለበትም። መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ሁሉም እስኪረግፍ ከመጠበቅ ሁለት ሦስት ዙር ማንሳት ይሻላል። ከዛፉ ሥር መረብ ማንጠፍም ይረዳል።

ጥያቄ፦ በእጅ ለቅሜ ከነገለፈቱ ከመርኩት። ስፈለፍለው ውስጡ ቡናማ ሆኖ፣ ጣዕሙም ተበላሽቶ አገኘሁት። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ የክምሩ ነው። ገለፈቱ ውኃ የጠገበ ነው፤ ፍሬውም ከተለቀመ በኋላ መተንፈሱን አያቆምም። ሲከመር ይታፈንና መሐሉ ይግላል። አሁን ከቅርፊቱ የወጣ ሃዘልነት ክብደቱ 60 በመቶ ገደማ ዘይት መሆኑን ያስቡ። እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ ሊፔዝ የሚባለው ኢንዛይም ያንን ዘይት መበተን ይጀምራል፤ ነፃ የቅባት አሲድ ይጨምራል፣ ጣዕሙ ይጎመዝዛል። የዘይቱ አብዛኛው ክፍል ኦሌይክ አሲድ የተባለ የቅባት አሲድ ስለሆነ ከብዙ ለውዝ መሰል ፍሬዎች ይልቅ ኦክስጅንን ይቋቋማል፤ አንዴ በክምር ከታመመ ግን ይህ አያድነውም። የገለፈቱ ጭማቂም ቅርፊቱን ያጠቁራል። ብዙዎች «በእጅ ለቅሜ ለምን ተበላሸ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ ለቀማው ጥሩ ነበር፣ ያበላሸው ከዚያ በኋላ ያለው አቀማመጥ ነው። በስሱ አስጥተው ቶሎ ቶሎ ያገላብጡ፤ ገለፈቱ እንደጠወለገ ይግፈፉት።

ጥያቄ፦ ማሽን ቅርፊቱን አይሰነጥቅም?

መልስ፦ ፍጥነቱ ካልተስተካከለ ይሰነጥቃል። ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ፍሬ አየር ይገባዋል፤ ስለዚህ ለብቻ ለይተው ቀድመው ይጠቀሙበት። በሌላ በኩል ማሽኑ የራሱ በጎ ነገር አለው፤ አየር የሚነፋው ክፍል ባዶውንና ቀላሉን ፍሬ አስቀድሞ ይጥላል። መሬቱ ካልተስተካከለና ሣሩ ካልታጨደ ግን ድንጋይና አፈርም አብሮ ይሰበስባል።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ይድረቅ?

መልስ፦ የተፈለፈለው ከ6 በመቶ እርጥበት በታች፣ ከነቅርፊቱ ደግሞ ከ12 በመቶ በታች ይሁን። በማድረቂያ ከሆነ ከ40 ዲግሪ ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ቸኩሎ ማጋል ውስጡን ቡናማ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ አንዳንዱ መራራ የሚሆነው በአሰባሰቡ ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። ገና ዛፉ ላይ ሳለ ቅርፊቱን ወግተው የሚመጥጡ ተባዮች አሉ፤ ምሬቱ ከነሱ ነው። ፍሬውን ቆርጠው ያዩት፤ የገረጣ ነጠብጣብ ካለበት ለቃሚውንም ማሽኑንም አይውቀሱ።